በዋይፋይ የላክናቸው ሽማግሌዎች

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ የክረምቱ መግቢያ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ባለፈው ሳምንት ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ጠረጴዛዋን በአልኮል ስትወለውል ሽታው አፍንጫዬ ገባና ያ ክረምት እንዳለ ተመለሰብኝ። «ጋሼ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ምን እያሰቡ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ኮምፒውተር ላይ ስለምትሰካ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ስለምታክል ዕቃ ነው የማስበው ብላት ወደ ሌላ ክፍል ትልከኝ ነበር። «እርጅና ነው» ብያት ወጣሁ።

ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር። የታክሲው ረዳት ሒሳብ ከመቀበሉ በፊት እጅህ ላይ ጠብ ያደርግልሃል። የቃሊቲው ባቡር ሰው አራርቆ ስለሚጭን ሰልፉ ከጣቢያው ወጥቶ አስፋልት ይደርሳል። ድሮ ሽንኩርት ስትገዛ ባለሱቁ የሚመርቅልህ ሎሚ በፍሬ ይሸጥ ጀመር፤ ነጭ ሽንኩርትማ ሥጋ ሊያክል ምንም አልቀረው። የሠፈራችን ልብስ ሰፊ የሸሚዝ ቁራጭ እየቀደደ የአፍ መሸፈኛ ይሰፋል፤ እኔ የገዛሁት አበባ ነበረበት፣ የሴት ቀሚስ ነው መሰለኝ። ሽማግሌ ከቤት አይውጣ ተባለ። ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ወጥቼ ጡሩምባ ሲነፋ እየገባሁ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው፣ በር ላይ በርጩማ አድርጌ አላፊ መኪና ስቆጥር እውል ነበር።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አንድ የሥልጠና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ፤ ወዳጄ መምህር ታደሰ፣ እዚያ ያስተምር የነበረው፣ «አበራ፣ ይኼ እንዳያመልጥህ» ብሎ አስገዛኝ። ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው፣ ግንባሩ ላይ ካሜራ ያለው። ባለቤቴ አስካለ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፋብሪካ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከደሞዝ ፊርማና ከመዝሙረ ዳዊት በቀር ብዙ አላነበብኩም። ግን ዕድር ላይ «እኔ ኮምፒውተር አለኝ» ማለት ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። መምህር ታደሰ ዊንዶውስ የሚባለውን አውጥቶ ሊኑክስ የሚባለውን ነው የጫነበት። «ይኼ በነፃ ነው፤ ደግሞም ቫይረስ አይነካውም» ይላል በየደረሰበት። ያ በሽታ የገባ ጊዜ ይችን ሲደግማት ጋሽ ቶሎሳ፣ የአቃቂ ጥንተ ባላገር፣ የሠፈራችን ዋና አስታራቂ፣ ከወዲያ ማዶ ሆኖ «ታዲያ መምህር፣ እኛም ላይ ለምን አትጭንብንም?» አለው። ያኔ የሳቅነው ሳቅ የዚያ ክረምት የመጨረሻው ሳቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ልጄ ዳዊት የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው። በዚያን ጊዜ ድንበር ላይ አሥራ አራት ቀን ለብቻው አስቀምጠውታል። አንድ ሰኞ ለእናቱ ደወለ። አስካለ ስልኩን ዘግታ ጓዳ ገባች፤ ተከትያት ገባሁ።

«ምን ሆነ?»

«ሕይወት ፀንሳለች።»

ሕይወት የመተሐራ ልጅ ናት። ሊያገባት እንደሚፈልግ ከነገረን ዓመት አልፏል፤ ለፋሲካ ሽማግሌ እንልካለን ብለን በሽታው ቀደመን።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሁለት አልፏታል።»

«አባቷ ያውቃል?»

«ቢያውቅማ ዛሬ በነሕይወት ቤት ውስጥ ሰላም ይኖር ነበር? አንተም ምንም አልሰማህም። ለሽማግሌዎቹም አትናገር።»

አባቷ አቶ ሞላ ይባላሉ፤ ባቡር ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ዳዊት እንደሚለው እኒህ ሰው ቃላቸው እንደ ሐዲድ ነው፣ አይታጠፍም፤ በሥርዓት ለመጣ ልጃቸውን መርቀው ይሰጣሉ፣ ሥርዓት ለተላለፈ ግን ደጃቸው ዝግ ነው። ሽማግሌ ሳይደርስ ሆዷ ከታየ የልጅቱ ስም አለቀ። እኔ ሴት ልጅ ወልጄ ባላሳድግም ይኼ ይገባኛል። መንገዱ ግን ተዘግቷል፤ ከከተማ ከተማ የሚሄድ አውቶብስ የለም። መንገድ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ ሆድ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ሕይወት መላውን አገኘች። የአባቷ ወንድም መተሐራ ላይ ፎቶ ቤት አለው፤ የመስመር ኢንተርኔት አስገብቷል። አቶ ሞላ በብዙ ልመና «ሽማግሌ በስልክ አላነጋግርም፤ ፊታቸውን ካየሁ ግን እሺ» አሉ። ቀጠሮው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሆነ። የስልኩ ኢንተርኔት ያን ሰሞን ጠፍቷል፤ ለምን እንደጠፋ ሁሉም የየራሱን ያወራ ነበር፣ እኔ አልገባበትም። ያለው በመስመር ያስገቡት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው፤ ከኛ ሠፈር አጥር የምንጋራት ዝናሽ አላት። ዝናሽ ቢሮዋን ወደ ቤቷ አምጥታ በላፕቶፕ ትሠራ ነበር። እናቷ አስም ስላለባቸው ሰው የሚባል ግቢዋ አታስገባም። ጉዳዩን ግማሹን ብቻ በአጥር ላይ ነገርኳት።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ፓስዎርዱን ልስጥዎት፤ ግድግዳውን አልፎ ይደርስዎታል» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ለምን ይቸገራሉ? ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ላፕቶፔን በአጥር ላቀብልዎትና ሲጨርሱ ይመልሱልኛል።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አልኳት፣ «ኮምፒውተር አለኝ።»

ይችን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ ውጬያታለሁ። ግን ወጥታለች። የልጄን ሽምግልና በሰው ዕቃ? እንዲህ ነበር ያልኩት በሆዴ። አስካለ ከኋላዬ ቆማ ሰምታኛለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። አርባ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር ዝም ስትል ነው የምፈራት።

የኔ ኮምፒውተር ዋይፋይ አይቀበልም። በገመድ እንዳይሆን የገመዱን ቀዳዳ ባለፈው ክረምት መብረቅ አቃጥሎታል። መምህር ታደሰ «ቀላል ነው፣ የምትሰካ ዕቃ አለች» ብሎ ሳሪስ ላከኝ። ሱቁ በገመድ ታጥሮ በመስኮት ነው የሚሸጠው። አራት መቶ ሃምሳ ብር። «ለሊኑክስ ይሆናል?» አልኩት መምህር እንዳስጠናኝ። ባለሱቁ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አውርዶ፣ «ጋሼ፣ ለሁሉም ይሆናል፣ ኦሪጂናል ነው» አለኝ። ቤት መጥተን ሰካነው። ምንም። መብራት እንኳ አልበራበትም። መምህር ትእዛዝ የሚጽፍበትን ጥቁር ገጽ ከፍቶ እንደ ዶሮ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ፣ አነበበ፣ ጻፈ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው አለኝ። እነዚህ ሰዎች ስሙን ሳይለውጡ ሆድ ዕቃውን እየለወጡ ይሸጣሉ፤ በፊት የነበረውን ሊኑክስ ያውቀዋል፣ ይኼን አዲሱን አያውቀውም፤ የሚያስተዋውቃቸው ድራይቨር የሚባል ነገር ያስፈልጋል።

«ድራይቨሩ የት ነው ያለው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኢንተርኔቱስ?»

«ድራይቨሩ ሲገባ ይመጣል።»

«ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈንበታል በለኛ፣ መምህር።»

«እንደሱ በለው» አለና አንገቱን ደፋ።

እኔ ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽን ዘይት የማጠጣ ሰው ነበርኩ። ማሽን ሲታመም ይናገራል። ቀበቶው ሲላላ ያፏጫል፣ ጥርሱ ሲበላ ይንቋቋል፣ ዘይት ሲጠማው ይሸታል፤ ዓይኔን ጨፍኜ በመደዳዎቹ መሀል ሳልፍ የትኛው እንደከፋው አውቃለሁ። ዛሬ ፋብሪካው ባለበት ስሄድ መጋዘን ሆኖ ኮንቴይነር ይራገፍበታል፤ ጆሮዬ ግን ያንን ጩኸት አልተወውም። ይች ጥፍር የምታክል ዕቃ ግን አትጮህም፣ አትሸትም፣ የሚጠብቅ ብሎን የላት፣ ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ የላት። መዳፌ ላይ አድርጌ አገላብጬ አየኋትና ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ላይ ያለ ነገር እጄን አላውቀውም አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዝናሽ ጋር በአጥር ላይ ፍላሽ ስንቀባበል ሰነበትን። መምህር በወረቀት ይጽፋል፣ እኔ ወረቀቱንና ፍላሹን ጆግ ውስጥ አድርጌ አጥሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዝናሽ በአልኮል ጠርጋ ትወስዳለች፣ ከኢንተርኔት አውርዳ፣ ጠርጋ ትመልሳለች፣ አስካለ እንደገና ትጠርጋለች። ለካ ይኼ ድራይቨር ተዘጋጅቶ የሚገዛ ልብስ አይደለም፣ ጨርቁን አምጥተህ ቤትህ የምትሰፋው ነው። አንዱን ስናመጣ «ያለዚያኛው አይሆንም» ይላል፤ ያንን ስናመጣ «ይኼኛው ለሌላ ዓይነት ነው» ይላል። ጥቁሩ ገጽ ላይ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርድና መጨረሻው ላይ ይቆማል፤ መምህር «ኤረር» ይላል። ትርጉሙን አልጠየቅኩትም፤ ከፊቱ አውቀዋለሁ። አስካለ አንዴ ፍላሹን እየጠረገች፣ «ጎረቤት መጠየቅ ክልክል በሆነበት ዘመን ይች ብቻ ጠየቀች» አለች።

ሐሙስ ከሰዓት ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለባት። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ተነስቼ አማተብኩ። መምህር ግንባሩን እየጠረገ ትእዛዙን ሰጠኝ፤ «ትሞቃለች፣ ሲሞቃት ትጠፋለች። ከጠፋች ንቀልና መልሰህ ስካት፣ ትመጣለች። ሌላ ምንም እንዳትነካ።» ነቅዬ ሰካኋት፤ መጣች። ደግሜ ነቅዬ ሰካኋት። «ይበቃል፣ ሚስት አደረግካት!» ብሎ ጮኸብኝ።

ዓርብ ዕለት ሥራ አልነበረኝምና የራሴን ሽማግሌዎች ሳስብ ዋልኩ። ያኔ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ንጉሡ ይኑሩ ይውረዱ አላስታውስም፣ የለበስኩትን ግን አስታውሳለሁ። ቡናማ ቴትረን ሱሪ ከታች ሰፊ፣ ኮሌታው ትከሻዬ ላይ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ከሳምንት ደሞዜ ግማሹን የበላ ጫማ። ጸጉሬን አቃቂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በስሙኒ ተቆረጥኩ። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ዳቦው ደግሞ ትልቅ። ከጣቢያው ማዶ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ ላይ ሸክላ ያዘፍኑ ነበር፤ እሑድ እሑድ ብርጭቆ ሳንገዛ ግድግዳው ሥር ተደርድረን ሰምተን እንመለሳለን፣ ባለቤቱም አይጠላንም፣ ነገ ደሞዝ ስንቀበል የት እንደምንገባ ያውቃል። የነአስካለ ቤት የፋብሪካው ባዶ የቀለም በርሜልና ሽቦ ከሚጣልበት አጥር አጠገብ ነበር። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። «ተቀመጡ» ሲሏቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ጉዳያቸውን ተናገሩ። የአስካለ አባት ከቤተ ዘመዱ ጋር ይመካከሩ ብለውም ተከታትለው ወጥተው አጥር ሥር ዝናብ ሲወርድባቸው ቆዩ። የቤቱ በር ተዘጋ። ሥርዓቱ ይኼ ነው፤ ካልጠሩህ አትመለስም፣ አንኳኩተህ «ምን ወሰናችሁ?» አትልም። እኔ ራሴ ጠያቂው ልጅ ነኝና ጎረቤት ቤት ተደብቄ በቀዳዳ አያለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተና «ግቡ፣ ተቀመጡ» ተባሉ። ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው። ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነውና ሽማግሌዎቹ ሦስት ብቻ ሆኑ፤ ጋሽ ቶሎሳ፣ የነፍስ አባታችን አባ መልአኩ፣ ሦስተኛው ራሱ መምህር ታደሰ። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። እኔ የወንዱ አባት ስለሆንኩ እዚያ መታየት የለብኝም፤ አስካለና እኔ መኝታ ቤት ገብተን መጋረጃውን ጋረድን። መጋረጃው ሳስቷል፤ ሁሉንም አያለሁ። መምህር ጥሪውን ከፈተ፣ ሰማያዊው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ አቶ ሞላ ከወንድማቸው ጋር የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ አሉ። ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ኮት ለብሰዋል፣ ከኋላቸው የፎቶ ቤቱ የተሣለ ፏፏቴ አለ።

«እንደምን ዋላችሁ፤ አረፍ በሉ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጋሽ ቶሎሳ፣ ሦስቱም ቆሙ።

ቢቆሙ ካሜራው የሚያየው ሆዳቸውን ነው። አቶ ሞላ፣ «ፊታችሁን ነበር ላይ የፈለግኩት» አሉ። መምህር ሮጦ የአስካለን ሁለት ሰፌዶች ከኮምፒውተሩ ሥር አነባብሮ ቀና አደረገው። ከዚያ ጋሽ ቶሎሳ ጀመረ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ሰው ሲናገር! ስለ ጋራና ስለ ወንዝ፣ ስለ ዘመድ መብዛት፣ ስለ አንድ ድስት ሁለት ጉልቻ እንደማይበቃው። እኔ በሆዴ «አሳጥር፣ ሆዷ አይጠብቅም» እላለሁ፤ ምስጢሩን አልነገርኩትም፣ እሱ በምን ይወቀው? ሽምግልና ይቸኮላል እንዴ? ሩብ ሰዓት ያህል ተናግሮ «ልጃችንን ልጅ አድርጉልን» ብሎ እጅ ነሣ። ሦስቱም አጎነበሱ።

አቶ ሞላ አንገታቸውን ወደ ወንድማቸው ዘንበል አድርገው ነበር። እንደዘነበሉ ቀሩ። ድምፅም የለም። ቆየን። አሁንም እንደዘነበሉ ናቸው። ጋሽ ቶሎሳ በሹክሹክታ፣ «እየተመካከሩ ነው» አለ። «ሰው ሲመካከር አፉ አፉን አያዩትም፤ ነውር ነው። እንውጣላቸው።» አባ መልአኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቱ ተከታትለው፣ ጀርባቸውን ለኮምፒውተሩ ሰጥተው፣ ወደ ግቢ ወጡ።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማያዊው መብራት ሲጠፋ አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አስካለን «በሩን ዘጉ፤ ሊመካከሩ ነው» አልኳት። እንዲህ ነው የመሰለኝ። የአባቷ በር ያኔ እንደተዘጋው።

ካፊያ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጣራው ጠርዝ ሥር ተደርድረው ቆሙ። አንድ ሰዓት አለፈ። መምህር አንዴ ወደ ውስጥ አንገቱን ሊያሰግግ ሲል ጋሽ ቶሎሳ ክንዱን ያዘው፤ «ሳትጠራ?» አለው። «የቆየ መልስ ጥሩ መልስ ነው። እምቢ የሚል ሰው ቶሎ ነው የሚለው።» አባ መልአኩ ጃንጥላቸውን ለሦስት አካፈሉ። እኔም ውስጥ ሆኜ ደስ እያለኝ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ። አስካለ ናት ያልቻለችው። «አንተ፣ እስቲ ግባና እይ።» «የወንድ አባት ይገባል?» «አበራ፣ ያ ሳጥን ነው እንጂ የሰው ቤት አይደለም!»

ገባሁ። መስኮቱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ አለ። መምህርን ጠራሁት። አይቶ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ንቀል ስካ ብሎ እኔን ያስተማረውን ረስቶት፣ ደንግጦ ኮምፒውተሩን ከነጭራሹ አጥፍቶ አስነሳው። ሲነሳ ዕቃዋን እንደገና አላውቃትም አለ። ሐሙስ ዋይፋዩን ካገኘ ወዲህ አላጠፋነውም ነበር፤ ለካ ዓርብን ራሱን ሲያድስ ውሏል፤ ጠፍቶ ሲነሳ በአዲሱ ገላው ነው የተነሳው፣ የሰፋንለት ልብስ ለአሮጌው ነበር። መምህር ወደ ጥቁሩ ገጽ ተመለሰ። ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ። ቆመ። «ኤረር።» ነቀልኳት፣ ሰካኋት። ነቀልኳት፣ ሰካኋት። ጣቴ አበጠ።

«መምህር፣ አንተ እንኳን የምታውቅ ሰው፣ ሲቆም አልገባህም?»

«ሽማግሌ ሆኜ ነው የቆምኩት» አለኝ። «የኮምፒውተር ሰው ሆኜ ብቆም ይገባኝ ነበር።»

አጥሩ ጋ ሮጥኩ። ዝናሽ ላፕቶፑን አቀበለችኝ፤ እንዳቀበለችኝ በአንድ ደቂቃ ተከፈተ። መተሐራ ግን የሚያነሳ የለም። ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። አቶ ሞላ ዘንድ በስልክ ደወልን፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ጋሽ ቶሎሳ ዘንጉን ተደግፎ፣ «በሕይወቴ ሽምግልና ሄጄ መልስ ሳልሰማ የተመለስኩት ዛሬ ነው፤ ያውም ሳልሄድ» አለና ወጣ። አበባ ያለበትን መሸፈኛዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩት።

ሊመሻሽ ሲል ዳዊት ደወለ። ሕይወት እያለቀሰች ነግራዋለች። እኛ ጋ ምስሉ ሲቆም፣ እነሱ ጋ የኛ ምስል ጥቂት ይሄድ ነበር። አቶ ሞላ ቀና ብለው «ተቀመጡ» አሉ። ደግመው «ተቀመጡ እንጂ» አሉ። ሽማግሌዎቹ መልስ ሳይሰጡ ጀርባቸውን አዙረው ወጡ። እሳቸው ባዶ ወንበርና ግድግዳ ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄን ጠይቀው፣ ስሰጣቸው ጥለውኝ ሄዱ» ብለው ኮታቸውን አውልቀው ወጡ። ስልክም አላነሳም ብለዋል።

«አባዬ፣ ምን አደረጋችሁኝ?» አለ ልጄ።

ማን ላይ ላሳብብ? ባለሱቁ ላይ? መምህር ላይ? ላፕቶፕ አጥር ላይ መጥቶልኝ «ኮምፒውተር አለኝ» ያለው አፍ የኔ ነው። ስልኩን ለእናቱ ሰጠሁ። አስካለ ለኔ የነገረችኝ አንዲት ነገር ናት፤ «ሆዷ ሦስት ወር ሊሞላ ነው።»

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አልሄድኩም። ጓሮ ወጣሁና ድንጋይ መረጥኩ። በድሏል የተባለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ እንደሚወድቅ አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ እኔ አድርጌው አላውቅም። ሁለት ድንጋይ አነሳሁ። አስካለ በር ላይ ቆማ፣ «ትንሹን ውሰድ፣ ወገብህን ታውቀዋለህ» አለች። ትልቁን ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። የወንድ አባት ብቻውን ሄዶ ልጅ አይለምንም፣ አውቃለሁ፤ ሥርዓት ነው ብዬ ከመጋረጃ ኋላ የተቀመጥኩት ይበቃኛል። አውቶብስ የለም፣ የጭነት መኪና ግን ይሄዳል፤ የሾፌር አባት ነኝና የት እንደሚቆሙ አላጣውም። ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሁለት ጊዜ እያረፍኩ ተሸክሜው ሄድኩ። አንዱ ባለተሳቢ ቆመልኝ።

«ፋዘር፣ የት ነዎት?»

«መተሐራ።»

«ይግቡ፤ መሸፈኛዎን ከፍ ያድርጉ። ጆንያው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

ሾፌሩ አየኝ፣ ጆንያውን አየ። «መተሐራ ድንጋይ ይዘው? ፋዘር፣ እዚያ እኮ አገሩ በሙሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚያው አያገኙም?»

«እሱ የነሱ ድንጋይ ነው» አልኩት። «እኔ የምሸከመው የራሴን ነው።»

እጁን ዘርግቶ ከጭኔ ላይ ወደ እግሬ ሥር ሊያወርድልኝ ሲል «ተወው» አልኩት፤ ማርሹን አስገባ፣ ሄድን።